ቀበሮው ማን ይሁን?

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ እየጠፋ ነው። ይህኛው ተረት ግን ከበረት ሳይሆን ከገደል አፋፍ ስለሚጀምር ምላሹ ቢቀርም ግድ የለም።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አለፍ ሲሉ ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሜዳ አለ። ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ጅብራ የሚበቅልበት፣ በበጋው ጠዋት ውርጭ ሣሩን የሚያነጣው ብርዳም አገር ነው። ሜዳው በምሥራቅ በኩል ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ገደሉ የጭላዳዎች ቤት ነው። ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርስበት ዐለት ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ወደ አፋፉ ይወጡና ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሞቃሉ፣ ይቀማመላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራው ሣር ነው። ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ጭላዳ ብቻ ነው። በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ቀይ ቀበሮ ይመጣል። አይሮጥም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ በመንጋው መሀል ይሄዳል። ጉዳዩ ከጭላዳዎቹ ጋር ሳይሆን ከአይጦቹ ጋር ነው። ይሄን ነገር ጓሳ ላይ ተቀምጠው ያጠኑ ሰዎች መዝግበውታል፦ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው የሚሰምርለት አንዱ ሲሆን፣ በጭላዳዎቹ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይቀናዋል። ጭላዳዎቹ ይህን ቁጥር አያውቁትም። የሚያውቁት ቀበሮው እንደሚያልፍ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ከቀበሮው አንሱና የእናቶቹን እጅ ተመልከቱ። እመት ዳለቻ የምትባል፣ ጠጉሯ አመድማ የሆነ አሮጊት ጭላዳ ነበረች። ቀበሮው በሁለት ክንድ ርቀት አጠገቧ ሲያልፍ እጇ አይቆምም። ትነጫለች፣ ትነጫለች፣ ወደ አፏ ትልካለች። ዓይኗ ግን ቀበሮውን ይከተለዋል፤ ከመንጋው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ይሸኘዋል። ሆዷ ላይ የተለጠፈው ልጅ ቀበሮውን አያይም፤ የሚያየው እጇን ነው። እጁ ካልቆመ አገር ሰላም ነው። ዓይኑ ካልተከደነ ደግሞ አገር ሰላም ቢሆንም ይታያል። ሌላ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም።

ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃ አይደለምና እመት ዳለቻም የተለያዩ ልጆች ወልዳለች። ጤዛ የሚሏት ሴቷ ገና ጥርስ ሳታወጣ የቁራ ጅራት የምትጎትት፣ የሽኮኮ ጉድጓድ ውስጥ አንገቷን የምታስገባ ነበረች። ወንዱ ጉቶ ግን ነፋስ ጅብራውን ሲያንቀሳቅስ እንኳ ከዐለት ስር ይሸጎጣል። ጎረቤቶች «ይሄ ፈሪ ነው፣ ጎትተሽ አውጪው» አሏት። እሷ አልጎተተችውም። በየቀኑ የተሸጎጠበት ዐለት አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ሣሯን ትነጫለች። መጀመሪያ አፍንጫው ወጣ፤ ቆይቶ አንድ እጁ፤ ሌላ ቀን ሙሉ ሰውነቱ። ጉቶ አድጎም ደፋር አልሆነም። ነብር ከቁጥቋጦ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ግን ሁልጊዜ እሱ ነበር። መንጋው ፍርሃቱን ሥራ ሰጠው፤ ማንም አልሳቀበትም፤ እሱም በፍርሃቱ አላፈረም።

አንድ ጠዋት ነገር ተበላሸ። ከቀበሮዎቹ አንዱ፣ ጆሮው የተቆረጠ ጎረምሳ፣ አይጡን ትቶ አንድ የጭላዳ ልጅ በአፉ ነጠቀ። መንጋው አንድ ላይ ተነሳ። ወንዶቹ የላይኛ ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ክራንቻቸውን አሳይተው፣ እየጮሁ ከበቡት። ጆሮ ቆራጣው ልጁን ጥሎ ፈረጠጠ። ልጁ ከማነከስ በቀር ተርፏል። በማግስቱ ጆሮ ቆራጣው ሲመጣ ከሜዳው ዳር አባረሩት፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም። ሌሎቹ ቀበሮዎች ሲመጡ ግን ምን ይደረግ? ሸንጎ ተጠራ።

አያ ጥርሴ የሚባል ጎፈሩ ጀርባውን የሚያለብስ ወንድ ቀድሞ ተነሳ።

«ቀበሮ ልጃችንን ነክሷል» አለ።

«የነከሰው ጆሮ ቆራጣው ነው» አለች እመት ዳለቻ።

«ጆሮ ቆራጣው ቀበሮ አይደለም እንዴ?»

«ነው። የነከሰው ግን ጆሮ ቆራጣው ነው።»

«እመት፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ማጥራት ያበዛሉ! ነገ ሁለተኛው ሲነክስ ስሙን ጠይቀን ልንለይ ነው?»

«አዎ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያንን እናባርራለን።»

ሳቁባት። እውነቱን ለመናገር የአያ ጥርሴ ንግግር ለጆሮ ይጥማል፤ አጭር ነው፣ ሁሉንም ያጠቃልላል፣ ማንንም ማየት አይጠይቅም። የእሷ ግን አድካሚ ነው፦ ጠዋት በመጣ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ማየት ሊኖር ነው። ትልልቆቹ ይህን ሲከራከሩ ልጆቹ በእግራቸው ስር ይርመሰመሱ ነበር። ልጅ እየተጫወተ አይሰማም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወላጅ እንዳልነበረ ግን እገምታለሁ።

መንጋው ለሁለት ተከፈለ። አያ ጥርሴ ተከታዮቹን ይዞ ገደሉን ዞሮ ወደ ማዶው ሜዳ ተሻገረ። ሣሩ ያው ሣር፣ ውርጩ ያው ውርጭ፣ ገደሉም ያው ገደል ነው። የተለወጠው ሕጉ ነው፦ ማንኛውም ልጅ ጠዋት ጡት ከመጥባቱ በፊት ወደ ገደሉ ዞሮ መጮህ አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይጮሃል። ቀበሮ አንድ ሁለቴ መጣ፤ ጩኸቱ አላላውስ ሲለው ቀረ። አያ ጥርሴ «አያችሁ?» አለ። እውነትም አይተዋል።

የማዶ እናቶች እጅ በቀን መቶ ጊዜ ይቆማል። ቁራ ሲያልፍ ይቆማል፣ ሽኮኮ ሲያፏጭ ይቆማል፣ ደመና ሜዳውን ሲያጠላው ይቆማል። ሆዳቸው ላይ ያለው ልጅም ከእናቱ እጅ ጋር መቶ ጊዜ ይደነግጣል። ሣር በጥቂት በጥቂቱ እንጂ ባንድ ጉርሻ የማያጠግብ ምግብ ነው፤ እጁ የሚቆም ሰው አይጠግብም። ያልጠገበ ደግሞ ይነጫነጫል። እዚያ ማዶ መቀማመል እንኳ ጥርስ ተነክሶ የሚሠራ ሥራ ሆነ፤ ጀርባህን የሰጠኸው ጎረቤት በድንገት ዘሎ ቢጮህስ?

ቀበሮ ስለማይመጣ ልጆቹ ቀበሮ አይተው አያውቁም። ልጅ ግን የሚያወሩለትን ነገር ሳያይ አይተኛምና ራሳቸው ሠሩት። «ቀበሮ ቀበሮ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። አንዱ ቀበሮ ይሆናል፤ ሌሎቹ ከበው ይጮሁበታል፤ ከዚያ ይነክሱታል፤ ከዚያ ያባርሩታል፤ ጨዋታው አለቀ። ቀበሮ የሚሆነው በዕጣ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት። ከመካከላቸው ጠጉሩ ቀላ ያለ፣ ቀዮ የሚሉት ልጅ ነበር። ዕጣው ለምን እንደሆነ እንጃ እሱ ላይ ማረፍ ያበዛል፤ ቆይቶ ዕጣ መጣሉም ቀረ። ትልልቆቹ ከሩቅ እያዩ «ጎበዝ፣ ልጆቻችን ራሳቸውን መከላከል እየተማሩ ነው» ይላሉ።

ቀዮ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር። እናቱ ዘንድ ሄዶ «እኔ ቀበሮ አይደለሁም» አላት። «አይደለህም፤ ጨዋታ ነው፤ ሂድ ከልጆቹ ጋር ተጫወት» አለችው። ሄደ። ከልጆቹ ጋር መጫወቻው መንገድ ያ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ማልቀስ ትቶ መሮጥ ለመደ፤ በሩጫ የሚደርስበት ጠፋ። አንድ ቀን ሲከቡት ሳይሮጥ ቀረና ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳያቸው። ልጆቹ ተበተኑ። ተበትነው የሄዱበት ሜዳ ላይ ለምለም ሣር ነበር፤ ቀዮ ቁጭ ብሎ ብቻውን በላው። በዚያ ቀን ሆዱ ሲሞላ የተሰማውን ነገር አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲነሳ ጨዋታ የሚጠራው ራሱ ሆነ፤ ቀስ ብሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይመጣል፤ ቀበሮ እንደዚያ እንደሚሄድ ማን እንደነገረው ግን አይታወቅም።

እዚህ ላይ ከተረቱ ትንሽ ልውጣ። ይህን ሜዳ ከጭላዳው ጋር የሚጋራው የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበረው። የጓሳው ሣር ለጣራ ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው፣ በክፉ ቀን ለከብት ነው። ሆኖም ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ አባ ቄራ የሚባል መሪ ተመርጦ ያስጠብቃል፤ ሲፈቀድ ሁሉም ባንድ ቀን ይገባል። ከዚያ በፊት ግን የአባቱ ጣራ እያፈሰሰ፣ ከቤቱ ዳር የደረሰ ሣር ቆሞ፣ አባቱ ማጭዱን ከማገሩ ሰክቶ ሲያድር ያየ ልጅ ስለ ሣር ብቻ አልተማረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ የቀደመ የሚያጭድበት ዘመን መጣ። የዚያ ዘመን ልጅም በዓይኑ ተማረ፤ ቀድሞ ማጨድን። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ተሰባስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ማጭዱ ያው ማጭድ ነው፤ ልጁ ያየው ግን ሌላ ነው። ወደ ጭላዳዎቹ።

አያ ጥርሴ አረጀ። ማዶኞች አዲስ ጠባቂ መምረጥ ነበረባቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀበሮ ሲፈሩ ያደጉ ናቸውና ቀበሮን የሚያስፈራ ፈለጉ፤ እነሱን ከማንም በላይ የሚያስፈራቸው ደግሞ ቀዮ ነበር። መረጡት። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው የነከሱት ነበሩ፤ አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ይቀምሉታል። ቀዮም ሥራውን ያውቃል። ጩኸቱ ላላ ሲል ጨለማ ተገን አድርጎ ዐለት ያንከባልላል፤ መንጋው ይጮሃል፤ ጠዋት ያመሰግነዋል። ጨዋታው ግን ቀበሮ አጣ፤ ቀዮ አድጎ አለቃ ሆኗል። ልጆቹ ብዙም አልተቸገሩም፤ ጆሮው ጠመም ያለ፣ አመዶ የሚባል ትንሽ ልጅ አገኙ።

ማንም ያላሰበው አይጡን ነው። ቀበሮ በማይደርስበት ሜዳ አይጥ ተራባ። ሜዳውን ከስር ፈለፈለው፤ ሥሩን ቆረጠመው፤ እዚህም እዚያም መላጣ ወጣ። ማዶኞች መላጣውን አይተው «ቀበሮ ሌሊት እየመጣ ሜዳችንን ያጠፋል» አሉና ጩኸቱን በእጥፍ ጨመሩ። በልግ የቀረበት ዓመት ሲመጣ በጩኸት የሚበላ ሣር አልነበረም። ቀዮ መንጋውን ይዞ ገደሉን ዞረ።

በቀድሞው ሜዳ የቀሩት የወዲህኞቹ አልከለከሏቸውም። የእነሱም ሜዳ ደርቋል፤ ቢሆንም ሥሩ ደህና ነበር፤ ጭላዳ ደግሞ ሣር ሲያጣ ሥር ቆፍሮ ይበላል። አያ ጎፈር የሚባለው ያገሩ አለቃ ትንሽ ከንፈሩን ገልብጦ ካሳየ በኋላ ቦታ ለቀቀ። ጠዋት ቀበሮው መጣ። ማዶኞች ባንድ ድምፅ ጮሁ። አይጦቹ ሁሉ ጉድጓድ ገቡ፤ ቀበሮው አፉን ከፍቶ ቀረ። የወዲህ ልጆች ከእናታቸው እጅ ወደ እንግዶቹ፣ ከእንግዶቹ ወደ እናታቸው እጅ ዓይናቸውን አመላለሱ። ጤዛ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። «ምን ዓይታችሁ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እውነት የማይታያት ነገር የመጣ መስሏት ነበር። ጉቶ ደግሞ ተነስቶ ዙሪያውን ቃኘና ነብር ሲያጣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ቀዮ ብቻውን ከአፋፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ እመት ዳለቻ እየተንፏቀቀች መጣች። ሳትጠይቀው ጀርባውን መቀመል ጀመረች። ከተመረጠ ጀምሮ የሚቀምለው እጅ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሄኛው አይንቀጠቀጥም። ጠጉሩን ስትገልጥ ቆዳው ላይ የቆየ ጠባሳ አገኘች፤ አንድ ሳይሆን ብዙ፣ ትንንሽ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ሆነህ ነው?»

«ልጅ ሳለሁ ቀበሮ ነክሶኝ ነው።»

«ማዶ ቀበሮ ይመጣ ነበር እንዴ?»

ቀዮ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው። ብዙ ጊዜ የተናገረው ነገር ነው፤ ሲናገረው ጥያቄ ያነሳ አልነበረም።

«ቀበሮ ሲነክስ ዐውቃለሁ» አለች፤ «አፉ ጠባብ ነው፤ ጥርሱ ይርቃል። ይሄ ሣር የሚበላ ልጅ ጥርስ ነው። ሌላም ሌላም ልጅ አለበት።»

ቀዮ ዘሎ ተነሳ። ከንፈሩን ገለበጠ። ክራንቻው ፊቷ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ከጣቷ ጫፍ ያገኘችውን ቅማል ወደ አፏ ልካ ቀጣዩን ለመፈለግ እጇን ዘረጋች። ሊሄድ ሁለት እርምጃ ሄደ። ጀርባው ገና አላለቀም ነበርና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከታቻቸው ጠብ ተነሳ። የሁለቱም ወገን ልጆች ተቀላቅለው ሲራገጡ ከቆዩ በኋላ ከማዶዎቹ አንዱ «ቀበሮ ቀበሮ እንጫወት» ብሎ ኖሯል። የወዲህ ልጆችም ጨዋታውን በስሙ ያውቁታል፤ የእነሱ ግን ሌላ ነው። ቀበሮው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንዱ አይጥ ይሆናል፣ ሌሎቹ ሣር የሚነጩ መስለው ይደብቁታል፤ አይጡ ከተያዘ ቀበሮው አሸነፈ። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የሚጣሉበት አንድ ነገር አለ።

«ቀበሮው እኔ ነኝ!»

«ትናንት አንተ ነበርክ! ዛሬ እኔ!»

«እኔ እኮ ሆኜ አላውቅም!»

የማዶ ልጆች ደንግጠው ቆሙ። ቀበሮ ለመሆን የሚጣላ ልጅ አይተው አያውቁም። ከእነሱ መሀል የወዲህ ልጆችን እብድ ያለም ነበር። ቀዮ ከላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገ።

«ምን ሆነው ነው የሚጣሉት?»

«ቀበሮ ለመሆን ነዋ» አለች እመት ዳለቻ፤ «ጠዋት ማታ ያው ነው። ራሴን አዞሩት።»

አያ ጎፈር ከእንቅልፉ ተነስቶ «በየተራ! በየተራ አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ። «ዛሬ እንግዳ አለ፤ ለእንግዳ ይለቀቃል። አንተ ጆሮህ ጠመም ያለው፣ ማን ልበል ስምህን? ቀበሮው አንተ ነህ።»

አመዶ ነበር። የወዲህ ልጆች እያጉረመረሙ ቦታቸውን ያዙ፤ የጤዛ የመጨረሻ ልጅ አይጥ ሆና ከሣሩ ውስጥ ተጋደመች፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው መንጨት ጀመሩ። አመዶ ግን ከመሀል ተኮራምቶ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይጠብቃል።

«ምን ሆነ?» ተባባሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ተነስ እንጂ! አይጧ እኮ ልታመልጥህ ነው!»